ኢጋድን ከከላላ ሆኖ ማንበብ

ባለፈው ሰሞን አንድ የእህቴ ልጅ የመመረቂያ ጽሑፉን ንድፍ እንዳይለት ላከልኝ። ልጁ ከላላ ተወልዶ፣ ሁለተኛ ደረጃን መካነ ሰላም ጨርሶ፣ ስሙን ከማልጠቅሰው አንድ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የፖለቲካ ሳይንስ የሚያጠና ነው። የንድፉ ርእስ «የአውሮፓ ኅብረት ልምድ ለአፍሪካ ቀንድ አገሮች ትስስር ያለው ፋይዳ» ይላል። በአሥራ ሁለት ገጽ ውስጥ ብራስልስ ከሃያ ጊዜ በላይ ተጠርታለች፤ ስትራስቡርግና ማስትሪክትም ድርሻቸውን አግኝተዋል። ጅቡቲ አራት ጊዜ፣ አሰብ አንድ ጊዜ ብቅ ይላሉ። ወሎ የሚለው ቃል ግን የትም የለም።

ደወልሁለትና «ያንተ አገር የት ገባ?» ብዬ ጠየቅሁት። «ጋሼ፣ ርእሱ እኮ ስለ አገሮች ግንኙነት ነው። ከላላ በዚህ ውስጥ ምን አላት?» አለኝ።

ጥያቄው ከልብ የመጣ ስለ ነበር ወዲያው መልስ አልሰጠሁትም። ሳስበው ሰንብቼ ለእሱ ልጽፍለት የጀመርሁት ደብዳቤ እየረዘመ ስለ ሄደ እዚህ ማውጣቱን መረጥሁ። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ እ.ኤ.አ. ያላልሁባቸው ዓመታት በእኛ አቆጣጠር የተቀመጡ ናቸው።)

ከሁሉ አስቀድሞ ልጁን መውቀስ እንደማይገባኝ ልናገር። ትምህርቱ የተሰጠው እንዲህ ነው፤ ለእኔም የተሰጠኝ እንዲህ ነበር። በተማሪነቴ ዘመን የኢጋድን አባል አገሮች ዘርዝሩ የሚል ጥያቄ በፈተና መጥቶልኝ ሙሉ ነጥብ አግኝቻለሁ። ኮሜሳ መቼ ተመሠረተ፣ የናይል ተፋሰስ ኢንሼቲቭ ጽሕፈት ቤቱ የት ነው፣ የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ መቼ ፈረሰ ቢባል ሁሉንም በቃሌ እወጣው ነበር። ኢጋድ ለምን እንደ ተመሠረተ ግን አላውቅም ነበር። ማንም አልጠየቀኝም፤ እኔም ማንንም አልጠየቅሁም። የሚያስቆጨኝ ነገር ምክንያቱ ያለው በራሴ አያት ትዝታ ውስጥ መሆኑ ነው።

እንደሚታወቀው የዛሬው ኢጋድ ሲወለድ ስሙ ሌላ ነበር። በጥር 1978 ዓ.ም. ጅቡቲ ላይ ኢትዮጵያ፣ ሶማሊያ፣ ሱዳን፣ ኬንያ፣ ኡጋንዳና ጅቡቲ ያቋቋሙት ድርጅት የድርቅና የልማት ባለሥልጣን ይባል ነበር፤ «ድርቅ» የሚለው ቃል ከስሙ የወጣው በ1988 ዓ.ም. ድርጅቱ እንደገና ሲደራጅና የሰላምና የጸጥታ ጉዳይ ሲጨመርበት ነው። ድርቁ የማን ድርቅ ነበር? ከወሎ ሰው የበለጠ መልሱን የሚያውቅ የለም። የ1966ቱ ረኀብ የንጉሠ ነገሥቱን መንግሥት ያናጋው ከወሎ ተነሥቶ ነው። የ1977ቱን ዓለም ያየው ያን ጊዜ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር ከነበረችው ከቆረም ነው። እነዚያ ሥዕሎች በየአገሩ ቴሌቪዥን ከታዩ ከአንድ ዓመት ከመንፈቅ ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ ስድስት መንግሥታት ጅቡቲ ላይ ተሰብስበው የጋራ ድርጅት መሠረቱ። እንግዲህ ይህ ድርጅት በወሎ ሙታን ላይ ከተመሠረቱት ጥቂት ነገሮች አንዱ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። የእህቴ ልጅ ግን ስለ ድርጅቱ በጻፈባቸው ሦስት ገጾች ይህ ጨርሶ አልተነሣም፤ በምትኩ ስለ አውሮፓ የድንጋይ ከሰልና የብረት ማኅበረሰብ አንድ ሙሉ ገጽ አለ።

በዚያው የጅቡቲ ስብሰባ ላይ ሌላም ነገር ሆኗል። ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያምና ጄኔራል ዚያድ ባሬ ከኦጋዴን ጦርነት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት ለፊት የተገናኙት እዚያ ነው። ሁለቱን በአንድ ክፍል ያስቀመጣቸው የሰላም ጉባኤ ሳይሆን የድርቅ ጉባኤ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1980 ዓ.ም.፣ ጦራቸውን ከድንበር ለማራቅ፣ ምርኮኞችን ለመለዋወጥና ግንኙነታቸውን ለማደስ ተስማሙ። ሁለቱም በአገራቸው ውስጥ ካለው አመፅ ጋር ለመዋጋት ጦራቸውን ከድንበር ማንሣት ፈልገው እንጂ ፍቅር ጸንቶባቸው አይደለም፤ ይህን የማይረዳ የዋህ አይደለሁም። ቢሆንም ኤርንስት ሃስ የተባለው ምሁር በ1958 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ ስለ አውሮፓ ያለውን፣ ማለትም በአንድ ተራ ጉዳይ የተጀመረ ትብብር ወደ ትልቁ የፖለቲካ ጉዳይ ይፈስሳል የሚለውን ሐሳብ በእኛው አካባቢ ለመፈተን ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ከየት ይመጣል? አውሮፓውያን ከከሰል ተነሡ። እኛ የተነሣነው ከረኀብ ነው። ልዩነቱ ራሱ አንድ የመመረቂያ ጽሑፍ ይወጣዋል።

የትስስር መላላት ደግሞ ወሎን እንዴት እንደሚነካ ለማየት ኮምቦልቻ ላይ ቆሞ ወደ ምሥራቅ መመልከት ይበቃል። በጣልያን ወረራ ዘመን የተሠራው መንገድ ከደሴና ከኮምቦልቻ በባቲ በኩል ወደ ሚሌ፣ ከዚያም ወደ አሰብ ይወርዳል። እስከ 1990 ዓ.ም. ድረስ የአገሪቱ ገቢና ወጪ ዕቃ አብዛኛው በአሰብ በኩል ያልፍ ነበር። በዚያ ዘመን ወሎ የባሕሩ በር አጠገብ ያለ አገር እንጂ ዳር አልነበረም። በግንቦት 1990 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲፈነዳ አሰብ ተዘጋ፤ ጭነቱ ወደ ጅቡቲ ዞረ። ከሚሌ ወደ ጋላፊ የሚታጠፈው መንገድ አሁንም ለወሎ ቅርብ ስለ ሆነ ኮምቦልቻ አልሞተችም፤ ደረቅ ወደብም፣ የኢንዱስትሪ ፓርክም ተሠራላት። ሆኖም አዲሱ የጅቡቲ ባቡር በ2009 ዓ.ም. ሲመረቅ የሚሄደው በድሬዳዋ በኩል ነው። ወሎን ከእርሱ ጋር ሊያገናኝ የታሰበው የአዋሽ–ኮምቦልቻ–ሃራ ገበያ መሥመር፣ ወደ 390 ኪሎ ሜትር የሚጠጋው፣ አንድ የቱርክ ኩባንያ ገንብቶት አገልግሎት ሳይጀምር ቆይቶ በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ወሎ ሲወርድ ጉዳት ደረሰበት።

በሐምሌ 2010 ዓ.ም. ከአሥመራ ጋር ሰላም ሲወርድ ኮምቦልቻ ውስጥ አሰብን የሚያውቁ ሽማግሌ ሾፌሮች እንዴት እንደ ተደሰቱ አስታውሳለሁ። አንደኛው «መንገዱን ዓይኔን ጨፍኜ ነው የምነዳው» ይሉ ነበር። ዓይናቸውን ከፍተውም ሳይነዱት ቀሩ። ያ ስምምነት የተፈጸመው በሁለት ሰዎች መካከል ነው፤ የጉምሩክ ደንብ፣ የመንገድ ጥገና፣ የገንዘብ ምንዛሪ፣ የሾፌር መታወቂያ ጉዳይ በወረቀት አልሰፈረም፤ ሁለቱ ሰዎች ሲቀያየሙ የሚይዘው ነገር አልነበረም። ኤርትራም በ2007 እ.ኤ.አ. ያቋረጠችውን የኢጋድ አባልነት በ2023 እ.ኤ.አ. ቀጥላ በ2025 እ.ኤ.አ. ማብቂያ ላይ እንደገና ለቅቄያለሁ ብላለች። የሱዳን መንግሥትም በ2024 እ.ኤ.አ. መባቻ ተሳትፎዬን አቁሜያለሁ ብሎ ነበር። እንዲህ እንደ ሻይ ቤት የሚገባበትና የሚወጣበት ድርጅት ምን ዓይነት ድርጅት ነው ብሎ መጠየቅ የተማሪ ሥራ ነው፤ የብራስልስን መዋቅር ከመገልበጥ ይልቅ።

አሁን ወደ ከላላ ልመለስ። ከላላ ከፍታ ላይ ያለች አገር ናት፤ በደቡብ በኩል መሬቱ ተሰንጥቆ ወደ ጃማ ወንዝ ሸለቆ ይወርዳል። ጃማም፣ በሰሜን ምዕራብ በኩል ያለው ወለቃም ወደ ዓባይ ይገባሉ። ከመካነ ሰላም ወገን ደግሞ ዓባይ ራሱ ከጎጃም ይለያል። በጠራ ቀን ከገደሉ አፍ ላይ ቆሞ ማዶ ያለው የሰው ማሳ ይታያል። ድሮ ነጋዴ በአህያና በበቅሎ ወርዶ ይሻገር ነበር፤ በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ክፍለ ዘመን ስሙ የገነነው የጎጃሙ የባሶ ገበያ የአሞሌ ጨው፣ የቡናና የጨርቅ መናኸሪያ ነበረ። ጨው ከአፋር በረሃ ተነሥቶ በደጋው አልፎ ዓባይን ተሻግሮ የሚሄድበት ዘመን ነበር። መኪና ከመጣ ወዲህ ግን ነገሩ ተገለበጠ። ዓይን የሚያየውን ማዶ ለመድረስ በደሴ ዞሮ፣ አዲስ አበባ ወርዶ፣ በሌላ በኩል ዓባይን ተሻግሮ መሄድ ግድ ሆነ። የመካነ ሰላም–ጉንደ ወይን መንገድ ዓባይን አቋርጦ ሁለቱን ወገኖች ለማገናኘት የታቀደው ለዚህ ነው። እኔ ከብዙ የኢጋድ መግለጫ ይልቅ ይህ መንገድ ስለ ትስስር ያስተማረኝ ይበልጣል። ተራራ ለተራራ የሚተያዩ ሁለት ሕዝቦች በአንድ አገር ውስጥ ሳሉ እንኳ ያላገናኛቸው ምንድን ነው? ገደል ብቻ ነውን? ወይስ መንገድ ሁሉ ወደ መናገሻው እንዲያመራ የተቀየሰበት አሳብ ነው? ይኸው አሳብ በድንበር ማዶም ይሠራል፤ የአፍሪካ ከተሞች እርስ በርሳቸው ከሚነጋገሩ ይልቅ እያንዳንዳቸው ወደብና ወደ ውጭ የሚያዩት በዚሁ ምክንያት ነው።

ስለ ዓባይ ሲነሣ ሁላችንም ስለ ጉባ እንናገራለን፤ ይገባል። ግድቡ በመጋቢት 2003 ዓ.ም. ተጀምሮ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ፤ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ የሚይዝና 5,150 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ ነው። የሕጉን ጎን ተማሪዎቻችን ያውቁታል፦ ዐፄ ምኒልክ በ1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር የፈረሙት ውል፣ ኢትዮጵያ ያልተጠራችባቸው የ1929 እና የ1959 እ.ኤ.አ. ስምምነቶች፣ በ1999 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው ኢንሼቲቭ፣ በ2010 እ.ኤ.አ. ኢንቴቤ ላይ ለፊርማ የቀረበውና ደቡብ ሱዳን ካጸደቀችው በኋላ በጥቅምት 2024 እ.ኤ.አ. በሥራ ላይ የዋለው የትብብር ማዕቀፍ። ይህን ሁሉ በአንድ አንቀጽ ያለፍሁት ብዙ ስለ ተጻፈበት ነው። ያልተጻፈበት አፈሩ ነው። ሱዳን በ1966 እ.ኤ.አ. የጨረሰችው የሮሰሪስ ግድብ ከተሠራ በኋላ ባሉት አሥርት ዓመታት ውኃ የመያዝ አቅሙን ሲሶ ገደማ በደለል አጥቶ ከፍታውን መጨመር አስፈልጎታል። ያ ደለል ምንድን ነው? የእኛ ማሳ ነው። ከወለቃና ከጃማ፣ ከበሽሎም ክረምት ክረምት ታጥቦ የወረደ የገበሬ መሬት ነው። የከላላ ገበሬ ክትር ሲሠራና እርከን ሲያበጅ ለራሱ ማሳ የሚለፋ ይመስለዋል፤ ነገር ግን የሱዳኑን መስኖና የጉባውን ሐይቅ ዕድሜም የሚጠብቀው እሱ ነው። በነጻ። ስለ ውኃ ክፍፍል ሃያ ዓመት ሲከራከሩ ከኖሩት ልዑካን መካከል አንድ እንኳ የእርከን ዋጋ ማን ይክፈል ብሎ በድፍረት ያነሣ ቢኖር ተከራካሪው ሌላ መልክ ይኖረው ነበር ብዬ አምናለሁ። የእህቴ ልጅ እዚህ ላይ ሊጽፍ ይችላል፤ አባቱ ገበሬ ነው።

ሌላው የትስስር መንገድ በእግር የሚሄዱበት ነው። ከደቡብ ወሎ ወረዳዎች ወጥተው በአፋር በረሃ በኩል ወደ ጅቡቲ፣ ከኦቦክ በጀልባ ወደ የመን፣ ከዚያ ወደ ሳዑዲ ዐረቢያ የሚሻገሩ ልጆቻችን ምን ያህል እንደ ሆኑ እያንዳንዱ ቤት ያውቃል። በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ዐረቢያ በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ 160,000 የሚጠጉ ኢትዮጵያውያንን ስታስወጣ ከአውሮፕላን ከወረዱት ብዙዎቹ የወሎ ልጆች ነበሩ። ከነዚህ መካከል የተወሰኑት እንደ ገና ተመልሰው ሄደዋል። በመንደራችን የቆርቆሮ ቤት ሲሠራ፣ መስጊድ ሲታደስ፣ ወንድም ሲማር ገንዘቡ ከየት እንደ መጣ ይታወቃል። የኢጋድ ሚኒስትሮች በ2020 እ.ኤ.አ. ካርቱም ላይ የሰዎችን ነጻ ዝውውር ፕሮቶኮል ሲቀበሉ በቢሮ ደረጃ ትልቅ እርምጃ ነበር። በኦቦክ ዳርቻ ላይ ግን ያ ወረቀት ለማንም አልደረሰም። የዝውውሩን መሥመር የሚያውቁት ደላሎች ናቸው። እኔ ደላላን አላመሰግንም፤ በእርሱ እጅ የጠፉ ልጆች አሉን። ነገር ግን ቀጣናውን በእውነት አጥንቶ የያዘ ሰው ማነው ተብዬ ብጠየቅ ከፕሮፌሰሩ በፊት ደላላው ይታየኛል፤ ይህ የሚያሳፍር ነው።

ከዚያ በፊት በዚሁ አቅጣጫ ይሄድና ይመጣ የነበረው ደላላ አልነበረም፤ ደረሳ ነበር። ነፍሱን ይማረውና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የታሪክ ሊቅ ሁሴን አሕመድ በ2001 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ስለ አሥራ ዘጠነኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወሎ በሚተርከው መጽሐፉ እንዳሳየው፣ የወሎ የእስልምና የትምህርት ማዕከላት ከሱዳንና ከዐረብ አገር ጋር የሐሳብ ልውውጥ ነበራቸው፤ የሰማኒያ መንገድ ወደ ወሎ የገባው ከሱዳን ነው። እነዚያ ሼኾች የጎረቤታቸውን ቋንቋ ያውቁ ነበር። የዛሬው የፖለቲካ ሳይንስ ተማሪያችን የማስትሪክትን ውል ያውቃል፤ ሶማልኛ ግን አንድ ቃል አያውቅም፤ ዐረብኛውን መንደሩ ለቁርኣን ያስተማረው ካልሆነ በቀር ከትምህርት ቤት አላገኘውም። በባሕር በር ጉዳይ አገሩ ሁሉ በሚከራከርበት ወቅት፣ በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ከሶማሌላንድ ጋር የመግባቢያ ሰነድ ሲፈረም፣ ሞቃዲሾ ስትቆጣ፣ በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. አንካራ ላይ እርቅ ሲወርድ፣ በበርበራና በሞቃዲሾ ጋዜጦች ምን እንደሚባል በራሱ ቋንቋ አንብቦ የሚነግረን ተማሪ ስንት ነበረን? ጎረቤትን የወደብ ባለቤት ብቻ አድርጎ የሚያይ ጥናት ጎረቤቱ ሰው መሆኑን ይረሳል፤ ጎረቤቱም በበኩሉ ይህን ሳያስተውል አይቀርም።

ይህን ለአንድ በሙያው ለማከብረው ወዳጄ ሳነሣለት «አንተ ሰፈርተኛ ሆንህ፤ የአገሮች ግንኙነት በመንግሥታት መካከል ነው፤ የጸጥታና የሉዓላዊነት ጥያቄ ሳይመለስ ስለ እርከንና ስለ ደረሳ ማውራት ቅንጦት ነው» አለኝ። አባባሉን በቀላሉ አልጥለውም። መንግሥታት ባይስማሙ ድልድይም አይሠራ፣ ባቡርም አያልፍ። የአሰብ ታሪክም የሚመሰክረው ይህንኑ ነው። ሆኖም ስለ ጸጥታ ካነሣን እስከ ጫፉ እናንሣ። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. ማብቂያ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋረጠ፤ አዋጁ ከአሥር ወር በኋላ ጊዜው ቢያበቃም ግጭቱ አብሮ አላበቃም። በእነዚያ ዓመታት ከከላላ ደሴ ለመድረስ መንገዱ ክፍት መሆኑን ሰው ለሰው ደውሎ፣ ኔትወርክ ካለ፣ መጠየቅ ነበረበት። የታመመ ሰው ኬላ ላይ ሲቆም፣ የጤፍ ጭነት ሲመለስ ዐይተናል። በዚያው ጊዜ በአዲስ አበባ አዳራሾች ስለ አኅጉራዊ ነጻ የንግድ ቀጣና ዐውደ ጥናት ይካሄድ ነበር። ኢትዮጵያ ያን ስምምነት ከቀደሙት ጋር በ2019 እ.ኤ.አ. አጽድቃለች፤ መልካም አደረገች። ግን ከከላላ ደሴ ያልደረሰ ጤፍ ከኪጋሊ ጋር እንዴት እንደሚገበያይ የሚነግረኝ ባለሙያ እስካሁን አላገኘሁም። እንግዲህ ወዳጄ የመንግሥታት ጉዳይ ነው ያለው ነገር የሚጀምረው ከድንበሩ ሳይሆን ከኬላው ነው።

አውሮፓን አታጥና አላልሁም። የኬንያ፣ የታንዛኒያና የኡጋንዳ ማኅበረሰብ በ1967 እ.ኤ.አ. ተመሥርቶ ለምን በአሥር ዓመቱ እንደ ፈረሰ፣ ለምን በ2000 እ.ኤ.አ. እንደ ገና እንደ ተነሣ ማጥናት ግን ከፓሪሱ የከሰል ውል ይልቅ ለእኛ ይቀርባል፤ የፈረሰ ነገር ከቆመው ይበልጥ ያስተምራል።

ይህን ሁሉ አሳጥሬ ለእህቴ ልጅ ነገርሁት። ብዙም የተደሰተ አልመሰለኝም። «ጋሼ፣ አማካሪዬ ይህን አይቀበለኝም» አለ። «አውሮፓን አንድ ምዕራፍ አድርገው፤ ቀሪውን ከአሰብ እስከ ከላላ አድርገው» አልሁት። ለዐረፋ አገር ቤት ገብቶ ሰነበተ። ከዚያ ኔትወርክ ሲመለስ አንድ ረጅም መልእክት ላከልኝ።

አያቱን፣ ማለት እናቴን፣ ስለ ሰባ ሰባት ጠይቋት ኖሯል። እሷም የእርዳታው ስንዴ የመጣበትን ጆንያ ሳትጥለው ለብዙ ዓመት እህል ስታሰጣበት እንደ ኖረች፣ መኪናው ከአሰብ ነው የመጣው ይባል እንደ ነበር፣ አሰብን ባታይም አሰብ ባይኖር ኖሮ የእርሱ እናት አትተርፍም ነበር ብላ ነግራዋለች። ወንድሟ በዚያው ዓመት በሠፈራ ወደ ፓዌ ተወስዶ እንደ ቀረ፣ ልጆቹ ዛሬ ከግድቡ ብዙ ሳይርቁ እንደሚኖሩም ጨመረችለት። ይህን እኔም አላውቅም ነበር።

መልእክቱ ሲያልቅ አንድ ጥያቄ አለበት፦ «ጋሼ፣ አያቴን በግርጌ ማስታወሻ ላይ የምጽፋት እንዴት ነው?» ይላል። መልሱን ገና እየፈለግሁለት ነው።